ጋሽ መሬቱስ እና የእቃ ማጠቢያው ገመድ

«ሳቢ እስቲ!»

እትዬ መስታወት በትዳር ዘመኗ ከየትኛውም ቃል አብልጣ የሰማችው ይህንን ነው። የፍቅር ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማች ብትጠየቅ የአንድ እጇ ጣቶች ተርፈዋት ቆጥራ ትጨርሳለች፤ «ሳቢ እስቲ»ን ግን የቆጠረውም፣ ሊቆጥረው የሚደፍርም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ አዲስ ገመድ ሠርቶ ባበቃ ቁጥር፣ ግድግዳው ላይ የሚሰካውን ስፒና በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይቆምና ሌላውን ጫፍ ወደ እሷ ይወረውራል። ድስት እያማሰለች ይሁን ፀጉሯን እያበጠረች ግድ የለውም። የያዘችውን አስቀምጣ፣ ገመዱን መዳፏ ላይ አንድ ዙር ጠምጥማ ባላት ኃይል ትጎትታለች። ገመዱ ከስፒናው ውስጥ የፀጉር ያህል እንኳ ካልተንሸራተተ «አለፈ» ይላል። ከተንሸራተተ ግን አንድም ቃል አይተነፍስም፤ ካቻቢቴውን አንስቶ ከመጀመሪያው ይፈታዋል። ልጆቻቸው እናትና አባታቸው ሲጓተቱ እያዩ ነው ያደጉት። ትልቋ ልጃቸው አንደኛ ክፍል ሳለች «እናትና አባታችሁ አብረው ምን ይሠራሉ?» ተብላ ስትጠየቅ «ይጓተታሉ» ብላ መልሳ፣ መምህሯ እትዬ መስታወትን አስጠርታ በለሆሳስ «ቤት ውስጥ ሰላም ነው?» ማለቷ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

የሰፈሩ ሰው ባልየውን «ጋሽ መሬቱስ» ይለዋል። ሥራው ገመድ ነው፤ ያውም ማንኛውም ገመድ አይደለም። ውሃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን የሚኖሩባቸው ዕቃዎች፣ ማለትም የእቃ ማጠቢያ ማሽኖችና ከገንዳ ሥር ተገጥመው የምግብ ትርፍራፊ የሚፈጩት መፍጫዎች፣ የእሱ ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች ሦስት ሽቦ ያለው ገመድ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሥራውን ይሠራሉ፤ ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫ ልብስ የለበሰው፣ ዕድሜ ልኩን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ማሽኑ አንድ ቀን ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ወደ ቆርቆሮው ሲያመልጥ ግን ያ ሥራ ፈት ሽቦ ተቀብሎ ወደ መሬት ይወስደዋል፤ ማሽኑን የነካውን ሰው ከመመታት ያድነዋል። ስለዚህ ባልየው የትም ቤት ሲገባ፣ ገና እንዴት ዋላችሁ ሳይል፣ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያይና «መሬቱስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሠርግ ላይ እንኳ የሙዚቀኞቹ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ «መሬቱስ?» ብሎ፣ ሙሽሮቹ እሱ ተነሥቶ እስኪወጣ ቆመው ጠብቀዋል። ስሙ በዚያው ቀረ።

ሌላም አመል አለው። ሽቦ ከመንካቱ በፊት ቆጣሪው አጠገብ ካለው ሳጥን ነጩን የሸክላ ፊውዝ ፈትቶ ያወጣና ሱሪው ኪስ ውስጥ ይከተዋል። «ያጠፋሁትን ሌላ ሰው መጥቶ ያበራዋል፤ ኪሴ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አያበራውም» ባይ ነው። ልክ ነው፤ ማንም አያበራውም። ችግሩ እሱም ኪሱ ውስጥ እንዳለ ይረሳና ቤቱ ይዞት ይሄዳል። የሰው ፍሪጅ ቀጥ ብሎ፣ የሰው ማሽን ሳሙና እንደጎረሰ ቆሞ፣ ባለቤቶቹ እየሮጡ በሩን ያንኳኳሉ። ባለቤት ያልመጣላቸውን ፊውዞች እትዬ መስታወት ሱሪውን ስታጥብ ታገኛቸውና ኩሽናው መደርደሪያ ላይ ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። «ወላጅ አልባዎቹ» ትላቸዋለች።

«ዛሬ አንድ ወላጅ አልባ ጨመርን» ትለዋለች ቆርቆሮውን እያንኳኳች።

«የሰው ነው፣ አደራ ነው» ይላል እሱ ኮስተር ብሎ። «ባለቤቱ ይመጣል።»

የተዋወቁትም በዚሁ አመሉ ነው። እሷ ያኔ የአንድ ትልቅ ሆቴል እቃ አጣቢ ነበረች። ሦስት ገንዳ ፊቷ ደርድራ፣ ሳህን ከማጥራቷ የተነሣ ዋናው ምግብ አብሳይ ጢሙን ያስተካክል የነበረው እሷ ባጠበችው ሳህን እያየ ነው። «መስታወት» ያላት እሱ ነው። አንድ ቀን የምሳ ሰዓት ሞቅ ብሎ ሳለ ከገንዳው ሥር ያለው መፍጫ ማንኪያ ዋጠና እንደታነቀ ሰው ይንቋረር ጀመር። አንድ ቀጭን ወጣት ተጠርቶ መጣ። ማንንም ሳያናግር ፊውዙን አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ፣ ተጣሞ ተጣሞ የጆሮ ጌጥ የመሰለ ማንኪያ አወጣና በሁለት እጁ አቀረበላት።

«ማንኪያሽ ነው?»

«የሆቴሉ ነው።»

«ያው ነው። ከአንቺ እጅ ነው የወጣው» ብሎ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ነው ጉድ የፈላው። መፍጫው አይሠራ፣ ማራገቢያው አይዞር፣ የጭስ መሳቢያው ዝም። አብሳዩ ጮኸ። እትዬ መስታወት የላስቲክ ጓንቷን እስከ ክርኗ እንዳጠለቀች፣ አረፋ እያንጠባጠበች፣ ሁለት መንገድ አቋርጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ደረሰችበት። «አንተ! ያወጣኸውን አምጣ!» ስትል፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሌባ የተያዘ መስሎት ዞረ። ልጁ ቀልቶ ኪሱን ሲገለብጥ አራት ፊውዝ ወጣ። ሦስቱ ከየት እንደመጡ እንኳ አያውቅም። እትዬ መስታወት እዚያው መንገዱ ዳር በሳቅ ፈረሰች። ኋላ ለልጆቿ ስትናገር «ልቤን የወሰደው ያን ቀን ነው፤ እሱንም አልመለሰው» ትላለች።

በዓመቱ ሆቴሉ ቁም ሣጥን የሚያህል የእቃ ማጠቢያ ማሽን ገዛ። ገመዱን የዘረጋው ማን ይሆናል? እሱ ነው። ሦስት ቀን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሲሠራ ሻይ ያቀረበችለት፣ ካቻቢቴ ያቀበለችው እሷ ነች። በአራተኛው ቀን ማሽኑ ተነሣ፤ እሷ ደግሞ ከገንዳዋ ተነሥታ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የጠረጴዛ ጨርቅ እንድትተኩስ ተዛወረች። ሦስት ወር አኮረፈችው። አንድ ቀን የክፍሉ በር ላይ መጥቶ ቆመና፣ ባርኔጣውን እያሻሸ፣ «ማሽኑ ብርጭቆ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል፤ እንደ አንቺ አያጠራም» አላት። ጠቅላላ የጋብቻ ጥያቄው ይኸው ነበር።

«ሥራዬን ነጠቀኝ፤ ካሳ ይሆነኛል ብዬ አገባሁት» ትላለች እሷ። «ካሳው ደግሞ ዝምተኛ ነው።»

ዝምተኛነቱ እውነት ነው። ማዕድ ላይ «ጨው» እና «ይበቃል» ከማለት ውጭ አፉን ለሌላ ነገር አይከፍትም። እንግዳ ሲመጣ የእንግዳውን የስልክ ቻርጀር ያያል እንጂ ፊቱን አያይም። ግን እትዬ መስታወት ከተጋቡ በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ደረሰችበት። ይህ ሰው ከገንዳው ግራ ቆሞ፣ ፎጣ ይዞ፣ እርጥብ ሳህን ሲቀበል ያወራል። አንዱን ሳህን ሲያደርቅ አንድ ወሬ፣ ሌላውን ሲያደርቅ ሌላ። ከሥራ ሊያስወጡት እንደሆነ የነገራት ድስት ክዳን እያደረቀ ነው። እናቱ የሞተች ሰሞን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሹካ ሲያደርቅ ነው ያለቀሰው። የልጆቻቸው ስም፣ የዚህ ቤት ኪራይ፣ የትልቋ ልጅ እጮኛ ይሁን አይሁን፣ ሁሉም የተወሰነው እዚያው ነው። እሷ ታጥባለች፣ እሱ ያደርቃል፤ እሱ የሚቆምበት የወለል ሸክላ አበባው ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ስለዚህ «እኔ ቤት የእቃ ማጠቢያ ማሽን አይገባም» ስትል ሰው የሆቴሉን ቂም የያዘች ይመስለዋል። እሷም እንዲመስላቸው ትፈልጋለች። እውነቱን ተናግራ «አሮጊቷ ባሏን ለማስወራት ሳህን ታቆሽሻለች» ተብሎ ከሚሳቅባት፣ ቂመኛ ብትባል ይሻላታል።

ይህ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ሲኖር፣ ባለፈው ዓመት አንድ ገመድ ተመለሰ።

የኬክ ቤቱ ባለቤት ነው ይዞት የመጣው። ለመፍጫው የተሠራለት ገመድ ነው። «ጋሼ፣ ስፒናውን ልነቅል ስስበው ገመዱ ለብቻው ተከትሎኝ መጣ» አለ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ጋሽ መሬቱስ ግን ሰማይ የተደፋበት መሰለ። ከእጁ የወጣ ገመድ ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፈትቶ አየው፤ ገመዱን አንቆ የሚይዘው ብሎን አንድ ዙር ያህል ላልቶ ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ አሰበ። ከዚያ አዲስ ገመድ ሠርቶ፣ ሆን ብሎ ብሎኑን ላላ አድርጎ «ሳቢ እስቲ» አላት።

ሳበች። ገመዱ ንቅንቅ አላለም።

በዚያን ጊዜ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ገመዱን ትቶ እጇን ያየው። የጣቶቿ አንጓዎች አብጠዋል። ገመዱ ላይ አልተጨበጡም፤ ተንጠልጥለዋል እንጂ።

«ጣትሽ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ አርጅቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። አረፋ ውስጥ ስለሚውል አይታይም» አለችና ልትስቅ ሞከረች።

እሱ አልሳቀም። ትልቋ ልጃቸው ያኔውኑ ተጠርታ መጣች፤ እናቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ አንጓዎቹን ጫን ጫን እያደረገ አይቶ፣ መድኃኒት ጽፎ፣ «ጨርቅ መጭመቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መቆየት ይቀንስ። እቃ የሚያጥብልሽ ሰው የለም?» አላት።

«የሚያደርቅልኝ አለ» አለች እትዬ መስታወት።

በሳምንቱ ልጅየዋ በትንሽ የጭነት መኪና አንድ ማሽን አስጭና መጣች። አዲስ የተከራየችው ቤት ማሽን ተገጥሞለት ስለነበር የራሷ ተርፏት ነው።

«እማዬ፣ እምቢ እንዳትዪ።»

«እምቢ።»

«እማዬ!»

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አንዴ ከሥራ አስወጥቶኛል። ዛሬ ደግሞ ከገዛ ቤቴ ሊያስወጣኝ ነው?»

«አባዬ፣ አንተ በላት እንጂ!»

አባትየው ግን የሁለቱንም ጭቅጭቅ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከማሽኑ ኋላ ተንበርክኳል። «መሬቱስ?» የሚል ድምፅ ከወዲያ ተሰማ።

ማሽኑ ኮሪደሩ ውስጥ ተተወ። እትዬ መስታወት የዳንቴል ጨርቅ አለበሰችውና የአበባ ማስቀመጫ አስቀመጠችበት። «ይኸው፣ ሥራ ፈትቶ እንዳይከፋው ሥራ ሰጠሁት» አለች። ባሏ ግን ከጀርባ ሥራውን አልተወም። አሮጌው ገመድ ተልጦ ስለነበር ቆርጦ ጣለውና አዲስ ሠራለት፤ ወፍራም፣ ሦስት ሽቦ ያለው፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል። የመዳብ ክሮቹን ጫፍ ሲገምድ የሕፃን ልጅ ፀጉር የሚሠራ ይመስል ነበር። እሷ በጎን እያየች አላየሁም ትላለች።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንደተለመደው አጥባ ስታቀብለው፣ ወሬውን አቋረጠና ፎጣውን አወረደ።

«አምስት ብርጭቆ ነው ያደረቅሁት።»

«እና?»

«ስድስት ነበር።»

ስድስተኛው ከእጇ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ተሰብሯል፤ ስብርባሪውን አረፋ ሥር ደብቃዋለች። እጁን ሰድዶ አንድ በአንድ ለቀመው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ስብርባሪውን በጋዜጣ ሲጠቀልል ጀርባው እንዲህ ጎብጦ ስታይ አንጀቷን በላት።

«እሺ» አለች። «ግጠመው። ገንዳዬን ግን እንዳትነካብኝ።»

የልቡ ደረሰ። ወዲያው ሜትሩን አውጥቶ ኩሽናውን ይለካ ጀመር። ከገንዳው በስተቀኝ የጓሮ በር አለ፤ አይሆንም። ሶኬቱ ያለው በስተግራ ነው፤ ቧንቧውም ቅርብ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩሉ ገመድ ልክክ ብሎ ይደርሳል። ወለሉ ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን አሰመረ። ቀና ሲል ራሱን በአራት ማዕዘኑ መካከል አገኘው። አበባው የተፋቀው የወለል ሸክላ ከጫማው ሥር ነበር።

እትዬ መስታወት ፊቱን አየች፣ ጠመኔውን አየች፣ ሳቋ አመለጣት። «ጉድ ነው ዘንድሮ! እኔን ከሆቴሉ ያስነሣኝ ማሽን አንተን ከቤትህ ሊያስነሣህ ነው!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ሟሟባት።

«ወዲያኛው ግድግዳ ጋስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሶኬት የለም።»

«ታዲያ ማራዘ…»

በዓይኑ አቋረጣት። በዚህ ቤት «ማራዘሚያ» ስድብ ነው። ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ በአንድ ማራዘሚያ ገመድ ላይ የስፌት መኪናዋን፣ ካውያዋን፣ ራዲዮኗንና የውሃ ማፍያዋን ሰክታ ሲያገኛት፣ ፊውዙን አውጥቶ ኪሱ ከከተተ በኋላ ማራዘሚያውን በፒንሳ ሁለት ቦታ ቆርጦ እጇ ላይ አስቀምጦላታል። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ አዲስ መስመር ዘርግቶላታል። ገመዱ ግን ዛሬም ዓይኗ ላይ አለ። «እኔ ሰውዬውን የገመድ ቀብር አስፈጻሚ ነው የምለው» ትላለች። ውሃ የሚያሞቅ ማሽን በማራዘሚያ ማሠራት ደግሞ ለእሱ ሕፃን ልጅ በቢላዋ እንደማጫወት ነው።

«የሚጎድል ዕቃ አለ» ብሎ ሜትሩን ጠቀለለ። በማግስቱም የሚጎድል ዕቃ ነበረ። በሳልስቱም። ሳምንት ሙሉ ያ ዕቃ አልተገኘም፤ ምን እንደሆነም አይናገርም። ብርጭቆ ሲያደርቅ እንኳ አንድም ቃል ጠፋ።

በስምንተኛው ቀን እሱ ሥራ ወጥቶ ሳለ ልብስ ሰፊዋ መጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ጥርሷ በሙሉ ወጥቶ።

«እትዬ፣ ጋሼ እኔ ጋ ያስቀመጠውን ዕቃ ይውሰድልኝ እንጂ፤ የጨርቅ መደርደሪያዬን ያዘብኝ።»

«የምን ዕቃ?»

«እኔማ አልናገርም። ላልናገር ምዬለታለሁ።»

«ተናገሪ እንጂ አንቺ!»

«አልናገርም፤ ላላሳይሽ ግን አልማልኩም» ብላ ከነጠላዋ ሥር አወጣችው።

ማራዘሚያ ነው። አራት ሜትር። ምንም እንከን የሌለው፣ ወፍራም፣ ጫፉ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ። የባሏ እጅ መሆኑን ለማወቅ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ልብስ ሰፊዋ «የቀብር አስፈጻሚው ልጅ ወለደ!» ብላ እየተንከተከተች ሄደች።

ጋሽ መሬቱስ ሲመለስ ማራዘሚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ሳህኑ በሚቀርብበት ቦታ፣ ተጠምጥሞ ጠበቀው። እትዬ መስታወት ከወዲያ ማዶ ተቀምጣለች።

«እጅ ከፍንጅ ተይዘሃል።»

«ወፍራም ሽቦ ነው» አለ ወለሉን እያየ። «መሬትም አለው።»

«የሰውን ስትቆርጥ ኖረህ!»

«አውቃለሁ።»

«እኔ እንኳ አንድ ቀን ለብረት ምጣዱ ልሰካ ብል አንድ ሳምንት አኩርፈኸኛል!»

«አውቃለሁ እኮ።»

«ታዲያ ምን ነካህ? ምን አስበህ ነው?»

ባርኔጣውን አውልቆ ያሻሽ ጀመር። ልክ ያኔ በሩ ላይ እንዳሻሸው።

«ማሽኑ እዚያ ከቆመ እኔ የት ልቁም?» አለ።

 እትዬ መስታወት ይህንን ፍርሃት ለብቻዋ የያዘችው ይመስላት ነበር። ለካ ሰውዬው አሳምሮ ያውቃል፤ ለካ ዕድሜ ልኩን የያዘውን ሕግ ሊሽር የነበረው ለአንዲት የተፋቀች የወለል ሸክላ ነው። መነካቷን ማሳየት ስለማትወድ ማራዘሚያውን አንስታ ወደ እሱ ገፋችው።

«ፒንሳህን አምጣና ቁረጠው። ወዲያኛው ግድግዳ ላይ የደንብ መስመር ዘርጋ።»

«ግድግዳው ሊቦረቦር ነው። አቧራው…»

«ይቦርቦር። እኔ አቧራ አላውቅም? ደግሞ ከእኔ ማዶ ይሁን እንጂ ከጎኔ እንዳታቆምብኝ። ከጎኔ ሰው አለ።»

ግድግዳውን ለመቦርቦር አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ሌላ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ እሱ ግን በመሮ እየጫረ፣ በብሩሽ እየጠረገ፣ የሚሠራው ጥርስ ሐኪም ይመስል ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊውዙን ኪሱ ከቶ ይጀምራል፤ ሁለት ቀን እንደከተተው ገበያ ሄዶ እትዬ መስታወት ቀዝቃዛ ዳቦ በልታ ዋለች። በመጨረሻ ቱቦው ተቀበረ፣ ልስኑ ተለሰነ፣ አዲሱ ሶኬት ተገጠመ፤ ሳጥኑ ውስጥ ለማሽኑ ብቻ የሚያገለግል የራሱ ፊውዝ ተሰጠው። ሌላውን የቤቱን መብራት የማይነካ፣ ለብቻው የሚኖር ፊውዝ።

ቀረ የገመዱ ፈተና። ስፒናውን ጨብጦ ቆመ። ጫፉን ሊወረውር ብሎ እጇን አይቶ ተወው።

«ወርውር እንጂ!»

«ይቅር፤ በመቆንጠጫ አስሬ እጎትተዋለሁ።»

«መቆንጠጫ ነው ያገባኸው?» አለችና ጫፉን ቀማችው። ወገቧ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችው፣ ነጠላዋን አጠበቀች፣ «በል ያዝ!» ብላ በጠቅላላ ክብደቷ ወደ ኋላ ተዘረጋች። ጋሽ መሬቱስ ያልጠበቀው ነገር ነውና ስፒናውን እንደጨበጠ ሁለት እርምጃ ተስቦ ደረቷ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ገመዱ ግን የፀጉር ያህል አልተንሸራተተም።

«አለፈ!» አለ እያለከለከ።

«አንተ ነህ ያላለፍከው» አለች።

የመጀመሪያው እጥበት ቀን ሁለት ወንበር አምጥተው ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ውሃ ይተፋል፣ ያርፋል፣ እንደገና ያጉረመርማል። ጋሽ መሬቱስ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

«ዛሬ ምን ሰማህ?» አለችው።

«ምንም።»

«ኬክ ቤቱ ጋ ምን ይባላል?»

«ምንም።»

ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ተቀመጡ። ማሽኑ ሲጨርስ ከፈተው፤ ትኩስ እንፋሎት ፊቱ ላይ ወጣ። አንድ ሳህን አውጥቶ በመዳፉ ዳሰሰው።

«ደርቋል» አለ፤ መርዶ እንደሰማ ሰው። ከዚያ ብርጭቆ አንስቶ ወደ መስኮቱ አቀናው። «ነጠብጣብ አለው።»

እትዬ መስታወት ወደ ጓሮ ወጥታ ብቻዋን ሳቀች፤ ትንሽም አለቀሰች።

ልጅየዋ በሳምንቱ ደወለች። «እማዬ፣ ማሽኑ እንዴት ነው?»

«ጎበዝ ነው። ከአባትሽ ይልቅ እሱ ያወራል።»

ደግሞም እውነት ነበር፤ ጣቶቿ ከብዙ ጊዜ በኋላ አርፈው ሲነሡ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ መቆለፍ ቻለች። ማሽኑን መጥላት አልቻለችም። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። ባሏ በልቶ ይነሣና ወደ ገመዶቹ ይሄዳል፤ ፎጣው ሚስማሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

አንድ ሐሙስ ጣቶቿ እንደ ልጅነቷ ቀለል ብለዋት ተነሣች። ምሳ ተበላ። ጋሽ መሬቱስ ሁለቱን ሳህን ማሽኑ ውስጥ ደርድሮ ቁልፉን ተጫነ። ዝም። እንደገና ተጫነ። ዝም። ስፒናውን አየ፣ ሶኬቱን በቴስተር ነካ፣ ከዚያ ሄዶ ሳጥኑን ከፈተ። የማሽኑ ፊውዝ ቦታ ባዶ ነው።

ኪሱን ዳበሰ። ከቀኝ መሐረብና ቁራጭ ፕላስተር ወጣ። ከግራ አንድ ፊውዝ ወጣ፤ እሱ ግን የኬክ ቤቱ ነው።

«የት ነው ያደረግሁት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ዛሬ ልብስ አላጠብኩም» አለች እትዬ መስታወት፤ እጅጌዋን እየሰበሰበች ውሃ ከፈተች።

ወደ መደርደሪያው ዞረ። የብስኩቱ ቆርቆሮ እዚያው አለ፤ ውስጡ ሃያ ያህል ፊውዝ አለ፤ ግማሾቹ ቢያንስ ልክ ይሆናሉ። እሷም ቆርቆሮውን አየች። ከዚያ እሱ ወደ እሷ ዞረ። የሽርጧ ኪስ በአንድ በኩል፣ እንቁላል እንደያዘ ኪስ፣ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ትንሽ ቆሞ አየው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ነገ እፈልገዋለሁ» አለና ሳህኖቹን ከማሽኑ አውጥቶ አቀበላት። ፎጣውን ከሚስማሩ አወረደ፤ መጥቶ ከግራዋ ቆመ።

«ሁለት ሳህን ብቻ» አለ።

«ሁለት ሳህን ብቻ» አለች።

የመጀመሪያውን ሳህን ሲቀበል «ያ የኬክ ቤቱ ሰውዬ እኮ» ብሎ ጀመረ፤ ሳህኑ ከደረቀ ቆይቷል፣ እሱ ግን ያደርቀዋል።

በማግስቱ ፊውዙ ቦታው ላይ ነበር። ማን መለሰው ያለ የለም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው፦ ጣቶቿን ሲያማት ማሽኑ ያጥባል፤ ሲሻላት ፊውዙ ይጠፋል። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ።

ልጅየዋ አንድ እሑድ መጥታ አብራ በላች። ሳህኖቹን ራሷ ደረደረች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ ዝም አለባት።

«ፊውዙ የለም» አለ አባቷ፣ ኪሱን ለወጉ ያህል እየዳበሰ።

«አባዬ! ደግሞ ጣልከው? ፊውዝ እየጣልክ እንደሆነ ልብስ ሰፊዋም ነግራኛለች። ኧረ አንተስ አርጅተሃል» አለችና ዓይኗን ስታዞር ቆርቆሮውን አየች። አወረደችው፣ ክዳኑን ከፈተች፣ አፏን ይዛ ቀረች። «ይሄ ሁሉ ፊውዝ ተቀምጦላችሁ ነው? ይኸው፣ ይኸው ልክ ነው!»

«ተይ፣ የሰው ነው!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ልጅየዋ ፊውዙን እንደያዘች እናቷን አየች፣ አባቷን አየች። እናቷ ፊቷን ወደ ገንዳው አዙራለች። አባቷ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቦታው ላይ ቆሟል፤ ለሚመጣው የመጀመሪያ ሳህንም እጁን ከወዲሁ ዘርግቷል።